የተቃጠለ ዘይት የጠጣ አፈር

(ባሕር ዳር ውስጥ ለጋራዥ ባለቤቶች፣ ለከተማ ግብርና ሠራተኞችና ለጣና ዙሪያ አትክልት አምራቾች ከቀረበ ንግግር ለንባብ እንዲመች የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ጣና ሲነሳ ዓይናችን የሚሄደው ወደ ውሃው ነው። እምቦጩን እናያለን፣ ደለሉን እናያለን፣ የዓሣው መመናመን ያሳስበናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ አፈር ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል እንጂ ጥልቀቱ 14 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል፤ ከስፋቱ አንጻር ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ዙሪያው መሬት ላይ የተደፋው ሁሉ ሰኔ ሲገባ በጎርፍ እየታጠበ ይገባበታል። ውሃ ውስጥ የገባን ቆሻሻ ከማሳደድ ደግሞ መሬት ላይ እያለ መያዝ ይቀላል፤ ወጪውም ያንሳል።

ከጋራዥ እንጀምር። የጋራዥ ባለቤቶች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁና እንዳትቀየሙኝ። ይህችን ከተማ ባጃጅ ነው የሚያንቀሳቅሳት፤ ባጃጅ ደግሞ ዘይት ይቀይራል። ቡሎኑ ሲፈታ ጥቁሩ ዘይት ወደ ጀሪካን ይወርዳል፤ ከጀሪካኑ አፍ ያመለጠውን መሬት ይጠጣዋል። ፊልትሮ ሲነቀል ሌላ ይፈሳል፣ ዕቃ በናፍጣ ሲታጠብ ሌላ ይፈሳል። የተጠራቀመውም ቢሆን ሁሉም አይጣልም። ምስጥ እንዳይበላው አጣና ይቀባበታል፤ አርማታ የሚሞላበት ሳንቃ ሲሚንቶ እንዳይዘው ይቀባበታል። የተረፈው ግን አንድ ማታ ሰው ሳያይ ቦይ ውስጥ ይደፋል።

እንዲህ ያለውን አፈር በእጃችሁ ዘግናችሁ እዩት። ጥቁር ነው፣ ይቀባል፣ ተጠቅጥቋል። ውሃ ጠብ ስታደርጉበት ቶሎ አይሰርግም፤ ድቡልቡል ሆኖ ከላይ ይቀመጣል። ውሃ ያልገባው አፈር አየርም ሥርም አይገባውም፤ ሣሩ እንኳ ዳር ዳሩን ነው የሚበቅለው። አንድ ጭብጥ ወስዳችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ብታማስሉት፣ ሰማያዊና ሐምራዊ እያለ የሚያብለጨልጭ ስስ ቅባት ከላይ ይንሳፈፋል። ክረምት ላይ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ የምታዩት ያው እሱ ነው።

ይህ አፈር ይጸዳል። በእበት፣ በጭድ፣ በውሃና በአካፋ ይጸዳል። በእበትና በጭድ የማይጸዳ አፈርም አለ፤ ሁለቱን ሳይለይ ክምር የጀመረ ሰው መርዙን ከጋራዥ አንስቶ ጎመን መደቡ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ስለዚህ አካፋ ከማንሳታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ አፈሩ ውስጥ ያለው ነገር የሚበላ ነው ወይስ የማይበላ? ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በማን ይበላል ካላችሁኝ፣ በረቂቅ ተሕዋስያን ነው። አንድ ግራም ጤነኛ አፈር ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርሱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ፈንገሱን ሳንቆጥር። ከእነዚህ መካከል ሱዶሞናስ፣ ሮዶኮከስ፣ አሲኔቶባክተር የሚባሉትና የመሳሰሉት ነዳጅና ዘይት ይመገባሉ። ድፍድፍ ነዳጅ ሰው ሳይነካው ከምድር ውስጥ በራሱ ሲመነጭ የኖረ ነገር ነው፤ እነሱም ከእሱ ጋር ኖረዋል። ዘይት በዋናነት ካርቦንና ሃይድሮጅን ስለሆነ፣ ተበልቶ ሲያልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና የባክቴሪያው የራሱ አካል ይሆናል።

ለዓመታት ዘይት ሲጠጣ የኖረ የጋራዥ መሬት ላይ እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀድሞውኑ በዝተዋል። ሌላው ሲሞት እነሱ ተርፈዋል። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «ዘይት የሚበላ ባክቴሪያ በጠርሙስ አለኝ» ቢላችሁ ኪሳችሁን ያዝ አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ 40 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ስታፈስ፣ የባሕሩን ዳርቻ ለማጽዳት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ድንጋዩ ላይ ማዳበሪያ መርጨት ነበር። እዚያው የነበሩት ባክቴሪያዎች እንዲበረቱ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተሰጣቸው። በላቦራቶሪ ተሻሽሎ የተሠራ ዘይት በል ባክቴሪያም ነበረ፤ ትውልደ ሕንዳዊው አናንዳ ቻክራባርቲ የሠሩት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) እንዲሰጠው ፈረደለት፤ ጉዳዩ በሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ዘይት በማጽዳት ሥራ ላይ ግን ስሙ አይነሳም።

ታዲያ ባክቴሪያው እዚያው ካለ ለምን አይበላውም? መሶብ ሙሉ እንጀራ ቀርቦለት ወጥ ስላጣ ነው። ከዘይቱ የሚያገኘው በዋናነት ካርቦን ነው። አካል ለመሥራት ናይትሮጅን ያስፈልጋል፣ ፎስፈረስ ያስፈልጋል፤ ለመተንፈስ ደግሞ አየር።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ሜትር ኪዩብ የጋራዥ አፈር 1,400 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ከዚህ 2 በመቶው ዘይት ቢሆን 28 ኪሎ ዘይት አለ። ከዘይት ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ካርቦን ነውና ወደ 24 ኪሎ ካርቦን ማለት ነው። በሥራው ያሉ ሰዎች ለ100 ካርቦን 10 ናይትሮጅን፣ 1 ፎስፈረስ የሚል መነሻ አላቸው። ስለዚህ 2.4 ኪሎ ናይትሮጅን ያስፈልገናል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ በዩሪያ ሲመነዘር 5 ኪሎ አለፍ ይላል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትበትኑት፤ አሞኒያው ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን ይጎዳቸዋል። የዶሮ ኩስና እበት ካላችሁ ደግሞ ዩሪያውን መግዛት ላያስፈልጋችሁም ይችላል።

የአየሩ ሒሳብ ይበልጥ ያስደንቃል። አንድ ኪሎ ዘይት ሙሉ በሙሉ እንዲበላ ከ3 ኪሎ በላይ ኦክስጅን ይፈልጋል። ለ28 ኪሎ ዘይት ወደ 95 ኪሎ ኦክስጅን ልትሉ ትችላላችሁ። ባሕር ዳር ባለችበት፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ይህን ያህል ኦክስጅን ለማግኘት ከ400 ሜትር ኪዩብ በላይ አየር ያስፈልጋል። ለአንድ ሜትር ኪዩብ አፈር 400 ሜትር ኪዩብ አየር! መኪና ሲጠቀጥቀው የኖረ መሬት ይህን ከየት ያመጣል? ዋልካ ከሆነማ ጭራሹን፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይደፈናል። ከላይ ማዳበሪያ በትኖ መሄድ የማያዋጣውም ለዚህ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ መውጣት፣ መፍታታትና መገላበጥ አለበት።

ኮምፖስት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ጭዱ አፈሩን ያፍታታል፤ በገለባው መካከል አየር ያልፋል። እበቱ ናይትሮጅንም አዲስ የባክቴሪያ ሠራዊትም ይዞ ይመጣል። ክምሩ ሲሞቅ የወፈረው ዘይት ይቀጥናል፣ ከአፈሩ ቅንጣት ይላቀቃል፣ ለባክቴሪያው ይቀርባል። ይህ በጋራዥ ዘይት ብቻ የተወሰነ ዘዴ አይደለም። ኦሪገን፣ አሜሪካ ውስጥ ኡማቲላ የሚባል የጦር መሣሪያ ዴፖ ነበረ። ፈንጂ ከሚታጠብበት የወጣ ውሃ በጉድጓድ እየተጠራቀመ አፈሩ ቲ.ኤን.ቲ. ጠጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያን አፈር ከከብትና ከዶሮ ፍግ፣ ከአልፋልፋ፣ ከሰጋቱራና ከድንች ተረፈ ምርት ጋር ቀላቅለው በረድፍ ከመሩት፤ በማሽን እያገላበጡም በሳምንታት ውስጥ የፈንጂውን መጠን አወረዱት። ከድብልቁ ውስጥ አፈሩ 30 በመቶ ያህል ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

እኛ እንዴት እናድርገው? ቦታው ከሐይቁ፣ ከዓባይና ከጉድጓድ ውሃ የራቀ፣ ጎርፍ የማይወርድበት ከፍ ያለ መሬት ይሁን። በሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች ጥቂት ሲቆፈር ውሃ እንደሚገኝ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ክምር አይጀመርም። ከሥር ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ ይነጠፍ። ዙሪያውን ቦይ ይውጣለት፤ ከክምሩ የሚወርደው ጥቁር ውሃ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ ተመልሶ ክምሩ ላይ ይፍሰስ። ከላይ ደግሞ መሸፈኛ ይኑረው።

አፈሩን ስትቆፍሩ ድንጋዩን፣ ቡሎኑን፣ ያረጀውን ፊልትሮና ጨርቁን ልቀሙ። ጨምቃችሁት ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና ለክምር አልደረሰም። ከአፈሩ ክብደት 5 በመቶ ካለፈ ዘይቱ ራሱ ባክቴሪያውን ያፍነዋል፤ መጀመሪያ በሰጋቱራ አስመጥጡት፣ የተለቀመውን ዘይትም በበርሜል ለይታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በባሬላ ለኩ፤ ከ10 ባሬላ 3ቱ አፈር፣ 4ቱ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ወይም የሩዝ ገለባ፣ 3ቱ እበትና አረንጓዴ ነገር። የሩዝ ገለባ በፎገራ በኩል ወፍጮ ቤቶች ደጅ ተቆልሎ ይታያል፤ ቶሎ ስለማይበሰብስ የአየሩን መንገድ ረጅም ጊዜ ይይዛል።

እበት ላይ ትንሽ ልቁም። ወረቀት ላይ ሁሉም ሰው «እበት ጨምሩ» ብሎ ያልፋል። እበቱን እናቶች ለኩበት ይፈልጉታል፤ እሳቱ ከዚያ ነው። ይህን ረስቶ ገበሬ ደጅ ሄዶ እበት አምጡ ማለት ፌዝ ነው። ከተማው ውስጥ ግን የሚጣል ሌላ ሀብት አለ። ከቄራ የሚወጣው ፈርስ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ገራባው በየቀኑ በጆንያ በጆንያ ይጣላል፤ ቅጠሉ ናይትሮጅን ይሰጣል፣ ቀንበጡ አየር ይይዛል። ጫቱ ላይ የተረጨው መድኃኒት ያሳስበኛል፤ ለጎመን መደብ በሚሄድ ኮምፖስት ውስጥ ገራባ አልጨምርም። ለዘይት አፈር ክምር ግን፣ መጨረሻው አትክልት ቦታ እስካልሆነ ድረስ፣ ይስማማኛል።

እርጥበቱን በእጃችሁ ትለካላችሁ። አንድ ጭብጥ አጥብቃችሁ ጨብጡ፤ በጣቶቻችሁ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ጭድ ጨምሩ፣ ሲከፈት ከተበተነ ውሃ። ሙቀቱን ለማወቅ ባለ 12 ፌሮ ቁራጭ እስከ ክምሩ መሐል ሰክታችሁ አሥር ደቂቃ ቆዩና አውጡት። ጫፉ ይዞ ለመቆየት ካስቸገረ ክምሩ ሥራ ላይ ነው። ጥሩ ኮምፖስት መሐሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ይገለበጥ፤ የውጪው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጪ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክምሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ለማዳበሪያ ሲሆን «ቀዘቀዘ፣ በሰለ» ብለን እንበትነዋለን። ዘይት የሚበሉት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ የሚመቻቸው ግን ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ነው፤ ዋናው ሥራቸው ከሙቀቱ በኋላ ይቀጥላል። እርጥበቱና መገላበጡ ለወራት መቋረጥ የለበትም። ቤንዚን የፈሰሰበት አፈር ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፤ በሙቀት ወደ አየር ይተናል እንጂ አይቆይላችሁም፣ እሳትም ይጠራል። በአጠገቡ ሲጋራ አይጨስም፣ ከሰል አይቀጣጠልም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ናፍጣ በጥቂት ወራት ይወርዳል። የሞተር ዘይት ከዚያ ይከብዳል። ባክቴሪያው በመጀመሪያ ቀጥ ያለ ሰንሰለት ያላቸውን ሞለኪውሎች ይበላል፣ ቀጥሎ ቅርንጫፍ ያላቸውን፤ ቀለበት ሠርተው የተያያዙት መጨረሻ ላይ ይቀራሉ። ከእነዚህ ባለ ብዙ ቀለበቶች ውስጥ ካንሰር አምጪዎች አሉ፣ በተቃጠለ ዘይት ውስጥም ይገኛሉ። እነሱ ላይ ፈንገስ ይበረታል። እንጨትን እያነጡ የሚያበሰብሱት ፈንገሶች እንጨቱን የሚያጠነክረውን ሊግኒን ለመፍታት የሚረጩት ኢንዛይም ምርጫ የለውም፤ ያገኘውን ይቆራርጣል። ጭድ ላይ የሚለማው ኦይስተር እንጉዳይ ከዚህ ወገን ነው። እንጉዳይ የምታመርቱ ወጣቶች ካላችሁ፣ ምርቱ ተለቅሞ ሲያበቃ የምትጥሉት ጭድ ለዚህ ክምር የተመቸ ነው። ክምሩ ላይ እንጉዳይ ቢበቅል ግን እንዳትበሉት።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ማታለያ ልንገራችሁ፤ ሪፖርት የምትጽፉ ሁሉ ስሙኝ። አንድ እጅ አፈር ከሁለት እጅ ኮምፖስት ጋር ስትቀላቅሉ፣ የዘይቱ መጠን በዚያው ቀን በግምት ወደ ሲሶ ይወርዳል። ማንም ባክቴሪያ ምንም አልበላም፤ ቀጥኗል እንጂ አልጸዳም። ከመቀላቀሉ በፊት ለክቶ፣ በሦስተኛው ወር ለክቶ «70 በመቶ አጸዳን» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ የመጀመሪያውን ናሙና መቼ እንደወሰደ ጠይቁት። ናሙና የሚወሰደው ከተቀላቀለ በኋላ ነው። ከተቻለም ምንም ያልተጨመረበት ትንሽ ክምር ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን ይቀመጥ።

የላቦራቶሪ ምርመራ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ምስክር እሱ ቢሆንም በየወሩ አይሠራም። በመካከል ፌጦ አለልን። ለሆድ ቁርጠት በየቤቱ የምናስቀምጠው ፌጦ ሌላው ዓለም የኮምፖስትን ጤንነት የሚፈትንበት ዘር ነው። ሁለት ሰሐን ውሰዱ፤ በአንዱ ከክምሩ፣ በሌላው ከንጹሕ አፈር እኩል አድርጉ። በየሰሐኑ 20 ፍሬ ዘርታችሁ አርጥቡት። በሁለት ሦስት ቀን ብቅ ይላል። በሳምንቱ በጥንቃቄ ንቀሉና ሥሮቹን ጎን ለጎን አጋድሙ። ከክምሩ የወጣው ሥር አጭር፣ ጫፉ ቡናማና የጠወለገ ከሆነ ሥራው ገና ነው። ከንጹሑ ጋር ከተቀራረበ ያኔ ናሙናውን ወደ ላቦራቶሪ ውሰዱ።

ፌጦ የማይነግራችሁ ነገር አለ። የማይበላውን ወገን ለይቶ አያሳያችሁም።

ብረት አይበላም። እርሳስ ባክቴሪያ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሌላ ነገር አይሆንም፤ እርሳስ ገብቶ እርሳስ ይወጣል። የባትሪ ቤት ያላችሁ፣ አሮጌ ባትሪ የተሰበረበት፣ አሲዱ የተደፋበት መሬት ከዘይት አፈር ጋር እንዳይቀላቀል። ኮምፖስት እርሳሱን አጥብቆ ይይዘዋል፣ ተክሉ የሚወስደውንም ይቀንሳል፤ ይህ ጥቅም ነው። መጠኑ ግን ያው ነው። ልጆች በእንዲህ ያለ አፈር ላይ እየተጫወቱ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ ነው የሚጎዱት፤ የእርሳስ ጉዳት ደግሞ አእምሮ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ይሸፈን፣ ኮንክሪት ይልበስ፣ ምግብም አይዘራበት።

የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ቆዳ ማልፊያው ክሮሚየም ሁለት መልክ አለው፤ ባለ ሦስትና ባለ ስድስት ይሏቸዋል። ለማልፋት የሚገባው ባለ ሦስቱ ነው፤ አፈር ውስጥ ብዙ አይንቀሳቀስም፣ መርዛማነቱም ዝቅ ይላል። ባለ ስድስቱ ግን በውሃ ይሟሟል፣ ይጓዛል፣ ካንሰር ያመጣል። እበትና ኮምፖስት ባለ ስድስቱን ወደ ባለ ሦስት የመመለስ ችሎታ አላቸው፤ ይህ በተሕዋስያን ከሚሠሩ ማከሚያዎች መካከል የምወደው ነው። እሳት ተቃራኒውን ያደርጋል። የቆዳ ቁርጥራጭ ሲቃጠል ባለ ሦስቱ ወደ ባለ ስድስት ሊቀየርና አመዱ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለማገዶ ብላችሁ የቆዳ ቁርጥራጭ አታንድዱ፤ አመዱንም ጓሮ አትበትኑ።

ወደ አትክልት አምራቾች ልምጣ። በፎገራ፣ በደምቢያ፣ በጉማራና በርብ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙ ሰዎች መርጫችሁን የት ነው የምታጥቡት? (እዚህ ላይ አዳራሹ ሳቀ።) ቦዩ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ውሃው እዚያ ነው። መድኃኒት ሲበጠበጥ የሚፈሰው፣ መርጫው ሲታጠብ የሚወጣው እየተደጋገመ አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀማል። ማሳው ላይ በስሱ ከተረጨው ይልቅ ያቺ አንድ ቦታ ትከፋለች።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስዊድን ውስጥ ለዚህ ቀላል መላ ተገኘ፤ ባዮቤድ ይሉታል። ጉድጓድ ይቆፈራል። ከሥር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ይደለደላል፤ እኛ ዘንድ ዋልካ፣ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ እርጥበቱ እስከተጠበቀ ድረስ፣ ለዚህ እንደተፈጠረ ቁጠሩት። ከላዩ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ድብልቅ ይሞላል፤ ግማሹ ጭድ፣ ሩቡ የማሳ አፈር፣ ሩቡ ፒት የሚባለው የረግረግ ብስባሽ ነው። ፒት በማይገኝበት አገር በኮምፖስት ይተኩታል። አናቱ ላይ ሣር ይተከልበታል። መርጫው የሚሞላውና የሚታጠበው እዚያ ላይ ነው። ጭዱ ላይ የሚኖረው ፈንገስ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ይፈታዋል፤ ሣሩ ውሃውን ይጠጣል። ጭዱ እየበሰበሰ ይሰምጣልና በየጊዜው ይሞላበታል። ለአንድ ጎጥ አንድ ቢኖር በቂ ነው፤ ከክምሩ ሁሉ በፊት እሱን ብትሠሩ ደስ ይለኛል፤ ብክለቱን ከመነሻው ይይዘዋልና።

ዛሬ የሚሸጡት ብዙዎቹ መድኃኒቶች በሳምንታትም በወራትም ይፈታሉ። ዲዲቲ ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ አየር ባለበት ዲዲኢ ወደሚባለው ተለውጦም መቆየቱን ይቀጥላል። እንዲህ ያሉ ቶሎ የማይፈቱ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የስቶክሆልም ስምምነት ከወባ መከላከል ውጪ የከለከለውም ለዚህ ነው። የድሮ ዲዲቲ ወይም ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ካገኛችሁ ኮምፖስት ውስጥ አትክተቱት። አገራችን ከዚህ ቀደም ያረጀ ፀረ ተባይ ሰብስባ በልዩ ምድጃ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ ልካለች፤ ከሺህ ቶን በላይ ነበር። ያልተበጠበጠ መድኃኒት የእበት ሥራ ስላልሆነ ነው።

ስለ እምቦጭ ሳልናገር ብወርድ አትለቁኝም። «እምቦጩን ኮምፖስት አድርገን አፈር እናጽዳበት» የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይሰማል። ይቻላል። ሆኖም እምቦጭ 95 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የተነቀለውን እስከ ባሕር ዳር በመኪና መጫን ውሃ መጫን ነው። እዚያው ዳር ላይ ጠውልጎ፣ ከጭድ ጋር ተከምሮ፣ እዚያው ይዋል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ስለዚህ ክምሩ እስከ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆ፣ ጠርዙ ወደ መሐል እየተገለበጠ ለሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። ያልሞቀ ክምር እምቦጭን ወደ መስኖ ቦይ ያዛምታል። የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት አፍ ላይ የተነቀለውን ደግሞ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ እምቦጭ ብረቶችን ከውሃ መጦ በሥሩ ያከማቻል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ልጨምር።

አንዲት ጋራዥ ያላቸው እናት «ከጸዳ በኋላ ጓሮዬ ጎመን ልተክልበት?» ሲሉ ጠየቁኝ። እሜቴ፣ አይሆንም። የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ ብረት መፋቅና ዘይቱ ውስጥ ከሚጨመረው ማጠንከሪያ የመጣ ዚንክና ሌላ ብረት ይዞ ይመጣል፤ ዘይቱ ቢበላም ያ ይቀራል። በላቦራቶሪ ብረቱ ዝቅተኛ መሆኑ እስካልታየ ድረስ አፈሩን ለመንገድ ዳር ሙሌት ወይም ለጥላ ዛፍ ተከላ ተጠቀሙበት።

አንድ ወጣት ደግሞ መቼ እንጀምር አለ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በክረምት የተጀመረ ክምር አየሩን በውሃ ይነጠቃል፤ ጥቁሩ ፍሳሽም ያመልጣል። መስከረም ላይ ቦታውን አዘጋጁ፣ ሸራውን ግዙ፣ ጭዱን አከማቹ፤ ዝናቡ ሲያቆም በጥቅምት ከምሩ። ሰባት ስምንት ወር ታገኛላችሁ። ከጥር በኋላ ክምሩ ቶሎ ይደርቃል፤ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ውሃ ይፈልጋል፣ የሚያጠጣውም ሰው ከአሁኑ በስም ይታወቅ። በግንቦት የፌጦውን ፈተና ሠርታችሁ ያላለቀ ከሆነ አታፍርሱት፤ ሸፍናችሁ፣ ቦዩን አጽድታችሁ፣ እስከሚቀጥለው ጥቅምት አቆዩት።